ለስጦታ የሚሆን ሆት ቸኮሌት፦ በጠርሙስ፣ በማንኪያ፣ በኳስ

ሆት ቸኮሌት ለራስ ማፍላትና ለስጦታ ማዘጋጀት አንድ ሥራ አይደለም። ለራስ ሲሆን ስኳር ቢያንስ፣ ወተት ቢበዛ እዚያው ድስቱ ላይ ይስተካከላል። ስጦታ የተቀበለው ሰው ግን እጁ ላይ ያለው የዘጋችሁት ጠርሙስና የጻፋችሁለት ሁለት መስመር ብቻ ነው። መደርደሪያ ላይ ሳምንታት ቆይቶ፣ ምናልባትም በሻንጣ ተጉዞ፣ በሌላ ሰው እጅ ተበጥብጦ መጣፈጥ አለበት። ስለዚህ ከጣዕሙ በፊት የሚታሰበው እርጥበትና ሙቀት ነው።

ከዚያም በፊት አንድ ጥያቄ አለ፦ ተቀባዩ የሚጠጣው መቼ ነው? የገና ስጦታ ብዙ ጊዜ ከበዓሉ ቀድሞ ይደርሳል፤ ጾመ ነቢያት ደግሞ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ነው። ወተት ያለበት ጠርሙስ በታኅሣሥ መጀመሪያ ለሚጾም ሰው ብትሰጡት ቁም ሳጥን ውስጥ ቁጭ ብሎ በዓል ይጠብቃል። ወይ የጾሙን ሥሩ፣ ወይ «የፍስክ» ብላችሁ በጉልህ ጻፉበት። የሁለቱም ልክ ከታች አለ።

ሚዛን ከሌላችሁ ከዚህ ሥራ በፊት አንድ ትንሽ የኩሽና ሚዛን ግዙ ወይም ተዋሱ። ካካዎ በስኒ ሲለካ አያስተማምንም፤ ጠቅጥቆ የተሞላ ስኒና ልቅ ሆኖ የተሞላ ስኒ በክብደት በጣም ይራራቃሉ። ለአንድ ኩባያ ልዩነቱ ላይታወቅ ይችላል፣ ለአሥር ኩባያ ግን ይመራል።

በጠርሙስ የሚሰጥ ዱቄት

ለጀማሪም፣ ለብዙ ሰው ለሚሰጥም የሚሻለው ይኸኛው ነው። ወተቱ አብሮት ስላለ ተቀባዩ ውሃ ካፈላ በቂው ነው። ለ10 ኩባያ፣ ማለትም ለሁለት የግማሽ ሊትር ጠርሙስ፦

ሙሉ ቅባት ያለው የዱቄት ወተት 220 ግራም
ስኳር 120 ግራም
ንጹሕ ካካዎ 70 ግራም
ከ55 እስከ 60 በመቶ ካካዎ ያለው ጥቁር ቸኮሌት 60 ግራም
ኮርንፍላወር 10 ግራም
ጨው 2 ግራም፣ የሻይ ማንኪያ ሲሶ ገደማ

ካካዎውን ስትገዙ የጀርባውን ጽሑፍ አንብቡ። ስኳርና የወተት ዱቄት የተቀላቀለበት «የሚጠጣ ቸኮሌት» እዚያው መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ይሸጣል፤ እሱን ከገዛችሁ የላይኛው ልክ ሁሉ ይበላሻል፣ ጣፋጭነቱም ከልክ ያልፋል። ንጹሕ ካካዎ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቀላ ያለና ኮምጠጥ የሚል ነው። ሌላው በአልካሊ የታከመ ሲሆን ቀለሙ ይጠቁራል፣ ጣዕሙም ይለሰልሳል። ፖታሺየም ካርቦኔት የሚል ከተጻፈበት ሁለተኛው ነው። ለመጠጥ ይኸኛው ይመረጣል፤ ፈሳሽ ውስጥ ቀለል ብሎ ይበተናል። ያላችሁ ቀላው ከሆነም ሥራው አይቆምም፣ ስኳሩን 10 ግራም ከፍ አድርጉ። ኬክ ላይ ሁለቱን መቀያየር ከሶዳው ጋር ጣጣ ያመጣል፣ እዚህ ግን ሶዳ የለም።

የዱቄት ወተቱ ሙሉ ቅባት ያለው ይሁን። ቅባት የሌለው ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ግን ሲጠጣ ቀጭን ነው፤ ካካዎ ያለ ቅባት ውሃ ውሃ ይላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቸኮሌቱን እንደታሸገ 15 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት። ስኳሩንና ኮርንፍላወሩን ብሌንደር ውስጥ ጨምሩና ስኳሩ እስኪልም 30 ሴኮንድ ያህል ፍጩ። ቸኮሌቱን አውጥታችሁ በቢላ ቆራርጡ፣ ስኳሩ ላይ ጨምሩና ቁልፉን አሥር ጊዜ ያህል እየተጫናችሁ እየለቀቃችሁ ፍጩ። ያለማቋረጥ ማስኬድ አያስፈልግም፤ ምላጩ ይሞቅና ቸኮሌቱ ቀልጦ ሥር ላይ ይለጠፋል። ለብቻው የተፈጨ ቸኮሌት ቶሎ ለጥፎ ይይዛል። ከስኳር ጋር ሲሆን ግን ስኳሩ በቅንጣቶቹ መካከል ስለሚገባ እንደ አሸዋ ይለያያል። ካካዎውን በወንፊት ንፉት፤ ከዕቃው ሲወጣ ጓል አለው፣ ያ ጓል ደረቅ እያለ ካልተፈታ ኩባያ ውስጥ አይፈታም። ወተቱንና ጨውን ጨምራችሁ ሁሉንም በሰፊ ደረቅ ሳህን አዋህዱ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ እንደገና ንፉ። ወንፊቱ ላይ የቀረውን የቸኮሌት ፍርፋሪ መልሱበት።

ቫኒላ የምትወዱ ከሆነ በዱቄት ወይም በቫኒላ ስኳር መልክ ያለውን ተጠቀሙ። ፈሳሹን ቫኒላ ደረቅ ዱቄት ላይ ጠብ ማድረግ በማግስቱ ጠጠር ማግኘት ነው።

ቅመም ላይ እጃችሁን ሰብስቡ። ለዚህ መጠን አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ ይበቃል። ኮረሪማ ከሆነ ፍሬውን ከቅርፊቱ አውጥታችሁ፣ በደረቁ ሞቅ አድርጋችሁ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ አልማችሁ ፈጭታችሁ የሻይ ማንኪያ ሩብ ብቻ ጨምሩ። ጠርሙስ ውስጥ ሲቆይ ሽታው ሌላውን ሁሉ ይወርሳል፤ ግማሽ ማንኪያ ያደረገ ሰው ከሳምንት በኋላ የሚጠጣው የቸኮሌት ሽታ ያለው ኮረሪማ ነው። የሚያቃጥል ነገር ከፈለጋችሁ ንጹሕ የተፈጨ ቃሪያ በጣት ቁንጥር ይበቃል። ሚጥሚጣ አይሆንም፣ ጨውና ሌላ ቅመም አለበት። ቡና መጨመር ያማረው ሰው የሚሟሟውን ቡና ይጠቀም፤ የተወቀጠው አተላ ሆኖ ሥር ይቀራል።

አሁን ጠርሙሱን ከመሙላታችሁ በፊት አንድ ኩባያ ቅመሱ፣ ተቀባዩ በሚያፈላበት መንገድ። 48 ግራም መዝኑና ምን ያህል ማንኪያ እንደሆነ ቁጠሩ፤ ብዙ ጊዜ ሦስት ሙሉ የሾርባ ማንኪያ ይሆናል፣ ግን ማንኪያ ይለያያልና ወረቀቱ ላይ የምትጽፉት የቆጠራችሁትን ነው። ዱቄቱን ትንሽ ድስት ውስጥ አድርጉ። ሦስት ማንኪያ ሙቅ ውሃ ብቻ ጨምሩበትና እሹት፤ መጀመሪያ ይጓጉላል፣ ውሃውን አልቀበል ብሎ ደረቅ ዱቄት በላዩ ላይ ይንሳፈፋል፣ ሃያ ጊዜ ያህል ስታሹት ግን ድንገት ይለሰልስና የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቡናማ ሊጥ ይሆናል። የካካዎው ቅባት ውሃን ስለሚገፋ በብዙ ውሃ አንዴ ከተጥለቀለቀ እያንዳንዱ ጓል ደረቅ ልቡን ይዞ ይቀራል። ሊጡ ሲለሰልስ ቀሪውን ጨምራችሁ 200 ሚሊ ሊትር አድርሱት፣ እያማሰላችሁ ለ1 ደቂቃ አፍሉት።

ያቺ አንድ ደቂቃ ለኮርንፍላወሩ ናት። ስታርች የሚያብጠውና የሚያወፍረው ከ70 ዲግሪ ከፍ ሲል ነው፤ አዲስ አበባ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ እዚያም ይበቃል። ኩባያ ውስጥ ከቴርሞስ ሙቅ ውሃ ገልብጦ ብቻ የሚጠጣ ሰው ላይ ግን ስታርቹ ሳይበስል ይቀራል፣ ምላስ ላይ ኖራ ኖራ ይላል። ስጦታው ለቢሮ ሰው ከሆነ ኮርንፍላወሩን ተዉትና በምትኩ ወተቱን 20 ግራም ጨምሩ።

ጠርሙሱ

የማርማላታና የማር ጠርሙስ ጥሩ ነው፣ ክዳኑ ላይ የቲማቲም ወይም የሽንኩርት ሽታ ከሌለው። የክዳን ሽታ በእጥበት አይለቅም፤ ክዳኑን ቀይሩ። ጠርሙሱን በሙቅ ውሃና ሳሙና አጥባችሁ፣ አለቅልቃችሁ፣ አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ሌሊቱን አሳድሩት። ቸኩላችሁ ከሆነ 110 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ 15 ደቂቃ አድርቃችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ለብ ያለ ጠርሙስ ውስጥ ከገባ ቸኮሌቱ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ አንዲት ጠብታ ውሃ ደግሞ የለውዝ ያህል ጠጠር ትሠራለች። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ዱቄቱን ሳህን ላይ ዘርግታችሁ ሌላ ሥራ አትሂዱ።

ነጭና ቡናማ ንብርብር ያለው ጠርሙስ ፎቶ ላይ ያምራል። ችግሩ ተቀባዩ ሳያዋህድ ከላይ መጨለፉ ነው፤ የመጀመሪያው ኩባያ ስኳር፣ የመጨረሻው ካካዎ ይሆናል። ንብርብሩን የምትወዱት ከሆነ ለአንድ ጊዜ ብቻ በምትሆን ትንሽ ጠርሙስ ሥሩት።

ወረቀቱ ላይ ይህን ያህል ይበቃል፦ «ሆት ቸኮሌት፣ የፍስክ። ጠርሙሱን ነቅንቁ። ለአንድ ኩባያ 3 ሙሉ የሾርባ ማንኪያ። መጀመሪያ በ3 ማንኪያ ሙቅ ውሃ እሹት፣ ከዚያ ኩባያ ሙሉ አድርሳችሁ 1 ደቂቃ አፍሉ። ወተት አለው። የተዘጋጀው ታኅሣሥ 10፤ በ3 ወር ውስጥ ይጠጣ።» ኦቾሎኒ ወይም ሌላ ለውዝ በነካ ብሌንደር የተፈጨ ከሆነ እሱንም ጻፉ፤ አለርጂ ያለበት ሰው ይህን ሊገምት አይችልም። ሦስት ወር ያልነው በወተቱ ቅባት ምክንያት ነው፤ ከዚያ በላይ ሲቆይ ባይሻግትም የከረመ ቅቤ ሽታ ያመጣል።

የጾሙ

ስኳር 120፣ ካካዎ 80፣ ጥቁር ቸኮሌት 80፣ ኮርንፍላወር 15፣ ጨው 2 ግራም። አሠራሩ ከላይኛው አይለይም። ለ10 ኩባያ ይሆናል፣ ለአንድ ኩባያ 30 ግራም፤ በ200 ሚሊ ሊትር የአጃ፣ የአኩሪ አተር ወይም የሱፍ ወተት ይፈላል። በውሃ ብቻ ካፈሉት ጠንካራና ቀጭን ነው፤ የሚወደው አለ፣ ለስጦታ ግን ባይመከር ይሻላል።

ቸኮሌቱ «ጥቁር» ስለተባለ ብቻ የጾም አይደለም። ብዙ ጥቁር ቸኮሌት የወተት ቅባት ወይም የወተት ዱቄት አለበት፤ ከዝርዝሩ ውስጥ ፈልጉ። በዝርዝሩ ውስጥ ወተት ሳይኖር ከሥር «የወተት ቅሪት ሊኖረው ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ ከተጻፈ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ፋብሪካው ወተት ያለበትንም እዚያው መሣሪያ ላይ ስለሚሠራ ነው። ይህን የሚወስነው ጿሚው ራሱ ነው፣ ንገሩትና ይወስን።

በውሃ ብቻ የሚፈላ የጾም ጠርሙስ ከፈለጋችሁ 150 ግራም የኮኮናት ወተት ዱቄት ጨምሩና ለአንድ ኩባያ 45 ግራም አድርጉት። እዚህም ላይ ወጥመድ አለ፤ ከወተት የሚወጣ ካዜይን የተጨመረበት የኮኮናት ዱቄት ገበያ ላይ ብዙ ነው። «ሶዲየም ካዜይኔት» የሚል ካያችሁ የጾም አይደለም።

ማርሽማሎው የሚባለውን ለስላሳ ከረሜላ አብሮ ማሰር የለመደ ብዙ ነው። አብዛኛው የሚሠራው በጀላቲን ነው፣ ጀላቲኑም ብዙ ጊዜ ከአሳማ የሚወጣ ነው። ለሙስሊም ወዳጅም፣ ለኦርቶዶክስ ወዳጅም ይህ ችግር ነው። የሐላል ማኅተም ያለው ከበሬ ጀላቲን የተሠራ ለፍስኩ ይሆናል፤ ለጾሙ የከብቱም አይሆንም። ያለ ማርሽማሎው የጎደለ ስጦታ የለም፣ አንድ እንጨት ቀረፋ በሪባን ማሰር ይበቃል።

በማንኪያ ላይ የተተከለ ቸኮሌት

ትኩስ ወተት ውስጥ ገብቶ እየተማሰለ የሚቀልጥ ቁራጭ ነው። ለ9 ወይም ለ10 ማንኪያ፦ 250 ግራም ጥቁር ቸኮሌት ከ55 እስከ 60 በመቶ፣ 25 ግራም ካካዎ፣ 40 ግራም አልሞ የተፈጨ ስኳር፣ ቁንጥር ጨው። ካካዎውና ስኳሩ ለጣዕም ብቻ አይደሉም፤ ቸኮሌቱ ብቻውን ሲሆን ወተት ውስጥ እንደ ከረሜላ ቆይቶ ቀስ እያለ ነው የሚለቀው፣ ደረቁ ዱቄት ሲገባበት ግን ቶሎ ይፈርሳል።

ቸኮሌቱ የካካዎ ቅቤ፣ ማለትም የካካዎው የራሱ ቅባት ያለው እውነተኛ ቸኮሌት ይሁን። ለኬክ ማስጌጫ ከሚሸጠው ብዙው በፓልም ወይም በሌላ የአትክልት ቅባት የተሠራ ነው። ርካሽ ነው፣ ለመሥራትም ይቀላል፤ ኩባያ ውስጥ ግን ላዩ ላይ የዘይት ክበብ ይሠራል፣ ላንቃ ላይም እንደ ሻማ ይለጠፋል።

አሁን ዋናው ነገር። የካካዎ ቅቤ ጠንካራነት የሚወሰነው በአቀዘቃዘዙ ነው። ቀልጦ እንዲሁ ከተተወ ለስላሳና ግራጫ መስመር ያለው ሆኖ ይረጋል፤ በልክ ከቀዘቀዘ ግን ያብረቀርቃል፣ ሲሰበር ቀጭ ይላል፣ ከቅርጽ ማውጫውም ራሱ ይለቃል። ባለሙያዎች ቴምፐር ማድረግ የሚሉት ይህን ነው። ቸኮሌቱን ቆራርጡና ሲሶውን ለይታችሁ አስቀምጡ። ቀሪውን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጋችሁ፣ ሁለት ጣት ያህል ውሃ ያለበት ድስት ላይ አስቀምጡ፤ ውሃው እንፋሎት እያወጣ ይሁን እንጂ አይንተክተክ፣ የሳህኑን ሥርም አይንካ። 45 ዲግሪ ሲደርስ አውርዱት፣ የሳህኑን ሥር በፎጣ አድርቁ። ያስቀመጣችሁትን ሲሶ ጨምራችሁ ሳታቋርጡ አማስሉ፤ ያልቀለጠው ቸኮሌት ትክክለኛውን አረጋግ ይዞ ስለሚገባ ሌላውን ያስተምረዋል። ለጥቁር 31 ወይም 32 ዲግሪ ላይ ዝግጁ ነው። የወተት ቸኮሌት ከሆነ 29 ወይም 30፣ ነጭ ከሆነ 28 ወይም 29።

ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ከታችኛው ከንፈሩ ሥር ጠብታ ያስነካ፤ ትንሽ ቀዝቀዝ ካለው ደርሷል፣ ለብ ካለው ገና ነው። ከዚያ የቢላ ጫፍ ነክሮ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነው። አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ከጠርዙ ጀምሮ ሐር የመሰለ ወዝ ይዞ ከረጋና በጣት ሲነካ ካልተለጠፈ ቀጥሉ። አሁንም እርጥብ ከሆነ ወይም ነጠብጣብ ካወጣ ጥቂት የቸኮሌት ፍርፋሪ ጨምራችሁ ሁለት ደቂቃ አማስሉ።

ካካዎውን፣ ስኳሩንና ጨውን ነፍታችሁ ጨምሩ። ይወፍራል፣ አትደንግጡ። በማንኪያ እየጨለፋችሁ የሲሊኮን በረዶ መሥሪያ ውስጥ 32 ግራም ገደማ አድርጉና ጠረጴዛው ላይ አንኳኩ፣ አየሩ ይውጣ። ማንኪያውን ወዲያው አትትከሉ፣ ይዘምማል፤ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ጠብቁ። የእንጨት ማንኪያው ቀለምም ቫርኒሽም ያልተቀባ ይሁን። 20 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ክፍል ውስጥ በሁለት ሰዓት ይረጋል። ፍሪጅ ካስፈለገ 15 ደቂቃ ብቻ፤ ሌሊቱን ያሳደራችሁት እንደሆነ ስታወጡት ላብ ያወጣል፣ ላቡ ስኳሩን ያሟሟና ሲደርቅ ሸካራ ነጭ ሽፋን ይተዋል።

ነጭ ሽፋን የታየበት ቁራጭ ሻጋታ መስሎት የሚጥል ሰው አለ። በሞቀ ጣት እሹት፤ ከጠፋ ቅባት ነው፣ ቸኮሌቱ አንድ ጊዜ ሞቆ ቀዝቅዟል። ሸካራ ሆኖ ከቀረ ስኳር ነው፣ እርጥበት አግኝቶታል። ሁለቱም ይጠጣሉ፣ ለስጦታ ግን አያምሩም።

ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ ሲቀልጥ ድንገት እንደ ጭቃ መጨበጡ ነው። ምክንያቱ ውሃ ነው፤ ከእርጥብ ማንኪያ፣ ከእንፋሎቱ፣ ከክዳን ላይ የወረደች ጠብታ። ጥቂት ውሃ ስኳሩን አጣብቆ ያስተሳስረዋል። ሳህኑን በክዳን አትክደኑ። የጨበጠውን ወደ ማንኪያ መመለስ አይቻልም፤ ለ100 ግራሙ 3 የሾርባ ማንኪያ ትኩስ ወተት ጨምራችሁ ምቱት፣ ለስላሳ ወጥ ይሆናል፣ የዚያኑ ቀን ለቤት ሰው አፍሉት። ማሳረርም አለ፤ የወተትና ነጭ ቸኮሌት ከ50 ዲግሪ ካለፈ አሸዋ አሸዋ ይላል፣ ያ አይመለስም።

ሲጠጣ፦ 200 ሚሊ ሊትር ሊፈላ የደረሰ ወተት፣ ማንኪያውን ነክሮ 1 ደቂቃ መተው፣ ከዚያ 2 ደቂቃ ማማሰል። ለጾም ቸኮሌቱ ወተት የሌለው ከሆነ በአጃ ወተት እኩል ይሠራል።

ስለ ኳሱ ጥቂት

ቪዲዮ ላይ ወተት ሲፈስበት የሚፈነዳው ኳስ ልጆችን ያስደስታል፣ ግን ሥራው ብዙ፣ ጉዞ ላይም ደካማ ነው። ቴምፐር ካልተደረገ አይሞከር፤ ከቅርጹ ሲወጣ ይሰነጠቃል። 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል ስፋት ባለው ግማሽ ክብ ውስጥ ቸኮሌቱን በብሩሽ ሁለት ጊዜ ቀቡ፣ በሁለተኛው ጠርዙን አወፍሩ፤ የሚሰበረው ሁልጊዜ ከጠርዙ ነው። አንዱን ግማሽ ኮርንፍላወር በሌለው የጠርሙሱ ዱቄት 20 ግራም ሙሉ። የሌላውን ጠርዝ ለብ ባለ ሳህን ላይ ሁለት ሴኮንድ አስነክታችሁ ግጠሙ። ጓንት አድርጉ፣ የጣት አሻራ ይታይበታል። ለ250 ሚሊ ሊትር ወተት አንድ ኳስ፤ ኳሱ ኩባያ ውስጥ ይቀመጥና ትኩሱ ወተት ከላይ ይፈስበታል። ወተት ውስጥ ከጣሉት ይረጫል።

ሩቅ የሚሄድ ከሆነ

የካካዎ ቅቤ ከ28 ዲግሪ ጀምሮ ይለሰልሳል፣ 34 ላይ ፈሳሽ ነው። ድሬዳዋ፣ ወይም ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚላክ ስጦታ ማንኪያም ኳስም መሆን የለበትም፤ ዱቄቱን ስጡ፣ የተፈጨውን ቸኮሌት አውጥታችሁ በምትኩ ካካዎውን 20 ግራም፣ ስኳሩን 25 ግራም ጨምሩ። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ከውጭ የሚገባ መንገደኛ የወተት ተዋጽኦ በሻንጣ መያዝ ስለማይፈቀድለት ለዚያ የጾሙን አዘጋጁ። ወደ አሜሪካ በሚበር አውሮፕላን ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከተያዘ ፍተሻ ላይ ሊቀር ስለሚችል ወደ ትልቁ ሻንጣ ይግባ፤ ጠርሙሱን ተዉትና ወፍራም ዚፕ ከረጢት ውስጥ ሞልታችሁ፣ አየሩን አውጥታችሁ፣ በሁለተኛ ከረጢት ደግማችሁ፣ የጻፋችሁትን ወረቀት በሁለቱ መካከል አስገቡ። ጠርሙስና ሪባኑን እዚያው ይገዛሉ።